«በብዛት የተሸጠ» ብለን ማስታወቂያ ብንሠራ ያዋጣናል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና መሸጫ ውስጥ እሠራለሁ። በጥር 2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ገበያው ተቀይሯል። ቪትዝና ኮሮላ የለመደ ሰው ግን አሁንም አዲሱን ይፈራል። አለቃዬ «በኢትዮጵያ በሽያጭ ቁጥር አንድ» የሚል ባነር እንድናሠራ ይፈልጋሉ። እኛ ጋ ከተሸጡት ከግማሽ በላይ አንድ ሞዴል መሆኑ እውነት ነው። የአገሪቱን ቁጥር ግን ከየት እናመጣለን? ምን ብለን እንጻፍ?

ባነር ሠሪው፦
ወንድሜ፣ «በኢትዮጵያ» የሚለውን ተወው። መዝገባችሁ የሚያውቀው የእናንተን ሱቅ ብቻ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች የንግድ ማስታወቂያን ይከለክላል። «ማስረጃችሁን አሳዩን» ብትባሉ ምን ልታሳዩ ነው? ለምሳሌ «ባለፉት 6 ወራት ከሸጥናቸው 40 መኪኖች 22ቱ ይህ ሞዴል ነው» ብትሉ ግን ደረሰኙ እጃችሁ ላይ አለ። ጊዜውንም ጠቅላላውንም አትዝለሉ።

ሰላም፦
የፋብሪካውን ቁጥር ቢጠቀሙስ? የቻይናው መኪና አምራች ቢዋይዲ እኮ በሚሊዮን ነው የሚሸጠው።

ሒሳብ ክፍል፦
ሰላምዬ፣ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 4.27 ሚሊዮን መኪና ሸጧል። ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ የሆኑት ግን 1.76 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ከቀሩት አብዛኞቹ ነዳጅም የሚጠቀሙ፣ በቻርጅ የሚሠሩ ሃይብሪዶች ናቸው። ደግሞ ከ10 መኪና 9ኙ የተሸጠው እዚያው ቻይና ነው። ቁጥሩ እውነት ቢሆንም እናንተ በር ላይ ስለቆመችው መኪና ብዙም አይናገርም።

ሶማሌ ተራ፦
የመለዋወጫ ሰው ነኝ። ቪትዝ ዋጋዋን የያዘችው ብዙ ስላለች ነው። ዕቃዋ አዲሱም ያገለገለውም እኛ ጋ ይገኛል፤ የሰፈር መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታታል። ገዢ «በብዛት የተሸጠ» ሲባል የሚሰማው ይሄ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ሥር ዕቃው የት እንደሚገኝና ማን እንደሚጠግን ጻፉለት። ይሄ ከሌለ ቁጥሩን አትስቀሉት።

አምና የገዛሁ፦
እውነቱን ነው። አንዱ ሻጭ «ብዙ ሰው ወስዶታል» አለኝ። «ባትሪው ሲያስቸግር የት ወሰዱት?» ስለው መልስ አልነበረውም። ሌላኛው ደንበኛውን አስፈቅዶ ስልክ ደወለልኝ። አንድ የራይድ ሹፌር ነበር፤ በአንድ ቻርጅ ስንት እንደሚሄድ፣ ዳገት ላይ እንዴት እንደሆነ፣ ሁሉንም ነገረኝ። በማግስቱ ቀብድ ከፈልኩ።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። አለቃዬ ተስማምተዋል፤ ከደረሰኙ እየቆጠርን ነው። ቀብድ ተከፍሎባቸው ገዢው የተዋቸው አሉ። ይቆጠራሉ?

ባነር ሠሪው፦
አይቆጠሩም። ሙሉ ክፍያው ያለቀውንና ስም የዞረለትን ብቻ ቁጠሩ። ባነሩ ላይም እስከ መቼ የተቆጠረ እንደሆነ ቀኑን ጻፉ፤ 6 ወር ሲሞላው አውርዳችሁ እንደ አዲስ ቁጠሩ።