ለዳቦ ቤቴ የሚቆይ ጋጋሪ ከየት ላግኝ? (ፍኖተ ሰላም)

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ ትንሽ ዳቦ ቤት አለኝ። አንድ ረዳትና አንዲት ሻጭ አሉ፤ ጋጋሪ ግን የለኝም። የመጨረሻው ልጅ ህዳር ላይ «አጨዳ ደርሷል፣ ለሳምንት ልሂድ» ብሎ እንደወጣ ቀረ። ከእሱ በፊት የነበረውን ያመጣልኝ ደላላ ነው። «ትልቅ ዳቦ ቤት ሠርቷል» ተባልኩ። በመጀመሪያው ሌሊት እርሾውን በፈላ ውሃ በጠበጠው፤ ሊጡ እስኪነጋ አልነሳም። ቁርስ ቤቶቹ ሲመጡ ያሳየኋቸው ባዶ መደርደሪያ ነው። አሁን በሬ ላይ ማስታወቂያ ለጥፌ የሚመጣው ብዙ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ የሚያቦካ፣ ቁልፍ የማስረክበው ሰው ነው የምፈልገው። እናንተ እንዲህ ያለውን ሰው ከሌላው በምን ትለያላችሁ?

መልስ 1፦
እህቴ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ 11 ዓመት ጋግሬ ሸጫለሁ። ወሬውን ተዪና እጁን እዪ። ሥራ ፈልጎ የመጣ ሰው አንድ ሌሊት ከእኔ ጋር ይሠራል፤ የሌሊቱን እከፍለዋለሁ። ሊጡ ተድቦልቡሎ ጣውላ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ነው የማየው። የሚያውቅ ሰው በጣቱ ጫን ያደርገዋል። የጎደጎደው ቀስ እያለ ከሞላ ምድጃ ይገባል፤ ወዲያው ከተመለሰ ገና ነው። የእኛ አገር ብርድ ነው፤ ሞቃት አገር የለመደ ልጅ ሰዓት ቆጥሮ ሲያስገባው ዳቦው ድንጋይ ይሆናል። ሲነጋ ደግሞ ማቡኪያው ላይ የደረቀውን ሊጥ ሳይፍቅ እጁን ታጥቦ የሚሄደውን አልቀጥርም። እስካሁን በዚህ አልተሳሳትኩም።
ግን ረዳትሽስ? ለምን ውጭ ውጭ ታያለሽ? የእኔ ዋና ጋጋሪ ሲገባ ዱቄት ተሸካሚ ነበር።

መልስ 2፦
እትዬ፣ እኔ ቡሬ ላይ ተቀጥሬ የምጋግር ነኝ። ልጁን የወሰደው አጨዳው ብቻ ላይሆን ይችላል። እኔም የመጀመሪያ ሥራዬን የተውኩት በአጨዳ ሰበብ ነው፤ ደመወዜ ወር ሞልቶ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እየተባለ ሲጓተት አፍ አውጥቼ መጠየቅ አፍሬ። የአሁኑ አሠሪዬ ወሩ በገባ በ1 ይከፍለኛል። ህዳር ላይ አባቴን የማግዝበት 10 ቀን ሲቀጥረኝ ነው የተነጋገርነው፤ ጥቅምት ላይ ረዳቱን አሠለጥንና እሄዳለሁ። 3 ዓመት ሆነኝ፣ አንድም ቀን አልቀረሁም። ሲቀጥሩ «ቤተሰብ ህዳር ይፈልግሃል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ገጠር ያደግን ልጆች ነን፤ ይፈልገናል።

መልስ 3፦
ውሉን በጽሑፍ ያድርጉት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በቃል ብቻ ከሆነ ግን አያስኬድም። ጡረታም አይርሱ፤ የደመወዙ 11 በመቶ ከእርስዎ፣ 7 በመቶ ከሠራተኛው። ረዳቱ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ረዳቴ 22 ዓመቱ ነው፤ ሁለት ዓመት ሲሸከምልኝ እንደ ጋጋሪ አይቼው አላውቅም። ትናንት ሌሊት እኔ ሳቦካ ቆሜ አየሁት፤ ማንም ሳይነግረው ሊጡን በጣቱ ጫን አድርጎ «ትንሽ ይቆይ» አለኝ። ሰኞ ውሉን እንጽፋለን። የህዳሩንም ጠይቄዋለሁ፤ እናቱ ቋሪት ናት፣ 8 ቀን ይበቃኛል ብሏል።