ድረሱልኝ፦ አንዱ የጠየቀው ሪፖርት በሌላው ቋንቋ እየወጣ ነው

ንቁ_ዓይን፦ ወገን፣ ሲስተሙ ሥራ ላይ ነው፣ ቶሎ በሉ! የጻፍኩት ላይብረሪ ቋንቋውን ግሎባል (ሁሉም የሚጋራው ቫሪያብል) ላይ ይይዛል። ብቻዬን ስሞክረው ሰላም፤ ሰው ሲበዛ እንግሊዝኛ የጠየቀው ፈረንሳይኛ ይደርሰዋል። ሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) እኮ የለም፣ ሁሉም ኮሩቲን (መሃል ላይ ቆሞ መቀጠል የሚችል ፈንክሽን) ነው!

ሌሊት_ወፍ፦ ሎክ አድርግበት፣ አንድ በአንድ እንዲገቡ።

ሊቀ_ኮድ፦ መሠረቱን ሳይዙ መሮጥ ነው ችግሩ። ኮሩቲን አዌይት (ውጤት የሚጠብቅበት ቦታ) ላይ ሲደርስ ተራውን ይለቃል። ቋንቋውን ሴት አድርገህ ዳታቤዙን ስትጠብቅ ሌላው ገብቶ እዚያው ላይ የራሱን ይጽፋል። ስትመለስ የምታገኘው የእሱን ነው። ትሬዱ አንድ መሆኑ አያድንህም።

ንቁ_ዓይን፦ ትምህርቱ ይቆየኝ ጋሼ፣ ምን ላድርግ? ፓይተን 3.11 ነው። ትሬድ ሎካልም (ለየትሬዱ የተለየ ዋጋ የሚይዘው) አልሠራም።

ምን_አገባኝ፦ ሁለተኛ ሰው እንዳይገባ ከልክል፣ በቃ ሃሃሃ። ትሬድ ሎካል እንዴት ይሥራ፣ ሁሉም አንድ ትሬድ ላይ ተቀምጠው! ኮንቴክስትቫርስ የሚባል ሞጁል ከ3.7 ጀምሮ አለልህ። የእሱን ቫሪያብል (ኮንቴክስትቫር ይባላል) ፋይሉ አናት ላይ አንዴ ፍጠረው፣ ፈንክሽን ውስጥ አይደለም። ታስክ (ለብቻው እንዲሄድ የተነሳ ኮሩቲን) ሲፈጠር የኮንቴክስቱን (የእነዚህ ቫሪያብሎች ዋጋ ስብስብ) ኮፒ ይዞ ስለሚነሳ አንዱ ሴት ያደረገው ሌላው ጋ አይደርስም። ሴት ሲደረግ ወደ ቀድሞው ዋጋ የሚመልስህ ቶክን ይሰጥሃል፤ ፋይናሊ (ስህተት ቢመጣም የሚሠራው ክፍል) ውስጥ በእሱ ሪሴት አድርግ።

ሌሊት_ወፍ፦ ሎክ ብያለሁ።

ፍልፈል፦ የትሬዲንግ ሞጁሉን ሎክ ግን እንዳትነካ። አንዱ ይዞት አዌይት ላይ እያለ ሌላው ሊይዘው ሲሞክር ሉፑ (ኮሩቲኖቹን በተራ የሚያስኬደው) በሙሉ ቀጥ ይላል፤ የያዘውም ተመልሶ አይለቀውም። የአሲንክአይኦ (የኮሩቲኖቹ ሞጁል) ሎክ ይሠራል፤ ሪፖርቱ ሁሉ ግን ተራ በተራ ይሆናል።

እምቢ_ባይ፦ ግሎባል ለምን አስፈለገ? ቋንቋውን በፓራሜትር አሳልፈው፣ አለቀ።

ንቁ_ዓይን፦ ሌሎች ቡድኖች ይጠሩታል፣ አጠራሩን መቀየር አልችልም። ኮንቴክስትቫሩን ዲክሽነሪ አስገብቼበት ሞከርኩ፤ አሁንም ይደባለቃል!!

እምቢ_ባይ፦ የማይቀየር አጠራር የለም። ፓራሜተሩን ዲፎልት ስጠው፣ የድሮው ጥሪ አይሰበርም።

ምን_አገባኝ፦ ዲክሽነሪው ውስጥ እየገባህ ትቀይራለሃ! ኮፒው እኮ ላይ ላዩን ነው፣ ታስኮቹ የሚያዩት ያንኑ አንድ ዲክሽነሪ ነው። ለየጥያቄው አዲስ ፍጠርና ሴት አድርግ። ቋንቋ ብቻ ከሆነ ደግሞ ተራ ስትሪንግ ይበቃሃል።

ፍልፈል፦ ፒዲኤፉን ሌላ ትሬድ ላይ የምትሠራ ከሆነም ተጠንቀቅ። ሥራን ወደ ሌላ ትሬድ ከሚልኩት ሁለት ፈንክሽኖች ቱ_ትሬድ ኮንቴክስቱን ያሻግራል፣ ራን_ኢን_ኤክሰኪዩተር አያሻግርም።

ሌሊት_ወፍ፦ እሺ፣ ሠራ?