ለከተማ ምክር ቤት ለመወዳደር ምን ይጠየቅ? (ክርክር)

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። አንድ ሰው ለከተማ ምክር ቤት ወይም ለከንቲባነት ሲወዳደር ሕጉ ምን ምን ሊጠይቀው ይገባል? ዕድሜ፣ የነዋሪነት ጊዜ፣ ትምህርት፣ ማስያዣ ገንዘብ፣ ከወንጀል ነጻ መሆን... የየአገሩ ሕግ ይለያያል። እናንተ ብትሆኑ የቱን ታጠብቃላችሁ? የቱን ትተዋላችሁ? ስድብ የለም፤ በሐሳብ እንከራከር።

መሐንዲሱ፦ እኔ በግልጽ ልናገር። ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠየቅ። የምክር ቤት ሥራ ንግግር ማሳመር አይደለም። በጀትና ማስተር ፕላን የሚያጸድቁት እነዚህ ሰዎች ናቸው። የውኃው፣ የፍሳሹ፣ የመንገዱ ጉዳይ ሁሉ እነሱ ፊት ይቀርባል። ሰነዱን አንብቦ ያልተረዳ ተመራጭ እጁን የሚያወጣው ጎኑ ያለው ስላወጣ ነው። ለአንድ የቢሮ ሠራተኛ የትምህርት ማስረጃ እየጠየቅን፣ የከተማን ገንዘብ ለሚወስን ሰው እንዴት ምንም አንጠይቅም?

ጠበቃዋ፦ ወንድሜ፣ ሥጋትህ ይገባኛል። መፍትሔው ግን ተሞክሮ ታይቷል። የሕንዷ ሃርያና ግዛት እ.ኤ.አ. በ2015 ለመንደር ምክር ቤት ተወዳዳሪዎች የትምህርት ደረጃ አወጣች። በጥቅሉ 10ኛ ክፍል ያልጨረሰ አይወዳደርም፤ ለሴቶችና ለዳሊቶች (በሕንድ የዘር መደብ ከሁሉ በታች ለተደረጉት) ዝቅ ብሏል። ቤቱ መጸዳጃ የሌለው፣ ያልተከፈለ የመብራት ዕዳ ያለበትም ታገደ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት መጨረሻ ሕጉን አጸናው። ታዲያ ማን ቀረ? ድሃዋ የገጠር ሴት ናት የቀረችው። በልጅነቷ ትምህርት ቤት ያላደረሳት መንግሥት፣ አድጋ ልትወዳደር ስትመጣ "አልተማርሽም" አላት። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላም ነገር አለ። ሕጉን ያወጡት የግዛቱ ሕግ አውጪዎች ለራሳቸው ወንበር እንዲህ ያለ መስፈርት አልነበረባቸውም። ጎረቤቷ ራጃስታን ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ሰረዘችው።

መሐንዲሱ፦ ያ የገጠር መንደር ነው። እኔ የማወራው ስለ ከተማ ነው። ከተማ ውስጥ የተማረ ሞልቷል።

ጠበቃዋ፦ እሺ፣ ከተማ እንሂድ። ኬንያ ለካውንቲ ገዥነት ዲግሪ ትጠይቃለች፤ ካውንቲ የአካባቢ አስተዳደር ክፍል ነው፤ ናይሮቢም ራሷ አንዱ ካውንቲ ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 ናይሮቢ ላይ ምን ሆነ? ስለ ቆሻሻና ስለ ትራንስፖርት መነጋገሪያው ጊዜ "የእጩው ዲግሪ እውነተኛ ነው ወይስ አይደለም" በሚል ሙግት ተያዘ። ለካውንቲ ምክር ቤት አባላትም ዲግሪ ይጠየቅ የሚለውን ድንጋጌ ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ውድቅ አድርጎታል። ከተማ መሐንዲስም ሂሳብ አዋቂም ትቀጥራለች። ቤት የሚያሠራ ሰው ግንበኛ መሆን የለበትም፤ መስኮቱን በየት በኩል እንደሚፈልግ ግን ማወቅ አለበት። ተመራጩም እንደዚያ ነው።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ ዲግሪውን ለጊዜው ተዉትና ወደ ነዋሪነት ኑ። ለእኔ ዋናው ይኸ ነው። ውኃ ሲጠፋ አብሮን ያልጠማው፣ መንገዱ ሲቆፈር አብሮን አቧራ ያልበላ ሰው፣ ምርጫ ሲደርስ ቤት ተከራይቶ "ልወክላችሁ" ሊለን አይገባም። አምስት ዓመት ይኑር፤ ከዚያ ይወዳደር።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎ ነው። አምስት ዓመት አንድ ቦታ ረግቶ የሚኖረው ማነው? የራሱ ቤት ያለው ሰው ነው። ተከራይ ኪራይ በተጨመረበት ቁጥር ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። እኔና ጓደኞቼ ሁላችንም እንዲህ ነን። ስለዚህ ረዥም የነዋሪነት ጊዜ ሲሉ፣ ሳያስቡት ተከራዩን ሁሉ እያስወጡ ነው። እንግሊዝ አገር 12 ወር ነው፤ እሱም ቢሆን አማራጭ አለው። በአካባቢው የመራጮች መዝገብ ላይ ካለህ፣ ወይም ዓመቱን ሙሉ እዚያ ከኖርክ፣ ወይም ዋና ሥራህ እዚያ ከነበረ፣ ወይም ቤትና መሬት በባለቤትነት ወይም በኪራይ ከያዝክ ይበቃል። ከአራቱ አንዱ!

ጡረተኛው፦ ሥራው እዚያ ስለሆነ ብቻ? ማታ ሌላ ቦታ የሚያድር ሰው የእኔን የሌሊት ጨለማ በምን ያውቀዋል?

ጠበቃዋ፦ ጋሼ፣ እኔ በነዋሪነቱ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ግን ጊዜው አጭርና ማረጋገጫው ግልጽ ይሁን። አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ ያለችውን የቺካጎን ታሪክ ልንገርዎ። እዚያ ለመወዳደር ከምርጫው በፊት አንድ ዓመት በከተማዋ መኖር ግዴታ ነው። ራም ኢማኑኤል የፕሬዚዳንት ኦባማ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኖ ዋሽንግተን ሲሠራ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ለከንቲባነት ሊወዳደር ተመለሰ። ቺካጎ ያለውን ቤቱን አከራይቶት ነበር። ግን ግብሩን ይከፍላል፤ ድምፁንም በቺካጎ ነዋሪነቱ ይሰጥ ነበር። የሚስቱ የሠርግ ልብስ ሳይቀር የቤተሰቡ ዕቃ በቤቱ ምድር ቤት ተቀምጧል። ይህ ሁሉ ፍርድ ቤት ቀርቦ ተመሰከረበት። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 2011 "ነዋሪ አይደለህም" ብሎ አስወጣው። በሦስተኛው ቀን የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መለሰው። ምርጫው ፌብሯሪ 22 ነው! ሰዉ ማንን እንደሚመርጥ እንኳ ሳያውቅ ሊቀር ነበር። ሕጉ "መኖር" በምን እንደሚረጋገጥ አስቀድሞ ቢዘረዝር ይህ ሁሉ መንገላታት አይመጣም።

ወጣቱ፦ ስለ ዕድሜም አንድ ነገር ልበል። በኢትዮጵያ መምረጥ በ18 ነው፤ መመረጥ ግን በ21። ብሪታንያም እስከ እ.ኤ.አ. 2006ቱ ሕግ ድረስ መመረጥ በ21 ነበር፤ ወደ 18 አወረደችው። ብራዚል ለምክር ቤት አባልነት 18፣ ለከንቲባነት 21 ትላለች። ይህኛው ቢያንስ ምክንያት አለው፤ ከንቲባ ብቻውን የሚወስነው ብዙ ነው። አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ፣ ሂልስዴል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ማይክል ሴሽንስ የሚባል ልጅ እ.ኤ.አ. በ2005 በ18 ዓመቱ ከንቲባ ሆኗል። የመመዝገቢያው ቀን ሲያልፍ ገና 17 ስለነበር ስሙ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ አልታተመም። መራጮች በእጃቸው ጽፈው ነው የመረጡት። ሰዉ ከፈለገው ዕድሜው ምን ያደርጋል?

መሐንዲሱ፦ ከዕድሜው ጋር ጠብ የለኝም።

ሂሳብ ባለሙያዋ፦ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አንዳችሁም ገንዘብን አላነሳችሁም፤ ድሃን የሚያስቀረው ግን እሱ ነው። የለንደን ከንቲባ ለመሆን የሚወዳደር 10,000 ፓውንድ ያስይዛል፤ 5 በመቶ ድምፅ ካላገኘ አይመለስለትም። በዚያው አገር ለተራ የምክር ቤት ወንበር ግን ማስያዣ የለም። ትክክል የሚመስለኝ የኋለኛው ነው። ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ውስጥ ለአስተዳደር ቦርዱ ለመወዳደር 701.60 ዶላር ይጠየቅ ነበር። መክፈል ያልቻለ ሰው ከሰሰ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 "ሌላ መንገድ ሳታዘጋጁለት ገንዘብ የለህም ብላችሁ ልታስቀሩት አትችሉም" የሚል ውሳኔ ሰጠ። ፊርማ ሰብስቦ መምጣት ይቻላል እኮ! ፊርማ ሰው እንደሚያውቅህ ያሳያል፤ ብር ብር እንዳለህ ብቻ ነው የሚያሳየው።

እኔ እንዲጠብቅ የምፈልገው ሌላ ቦታ ነው፤ የጥቅም ግጭት ላይ። ከከተማው ጋር ውል ያለው ኮንትራክተር ራሱ ውሉን በሚያጸድቀው ምክር ቤት እንዴት ይቀመጣል? እንግሊዝ አገር የምክር ቤቱ ተቀጣሪ ለዚያው ምክር ቤት መወዳደር አይችልም። ባለፉት አምስት ዓመታት ሦስት ወርና ከዚያ በላይ እስራት የተፈረደበትም እንደዚያው። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው "ንጹሕ መዝገብ" በሚባለው ሕግ፣ በተዘረዘሩ ወንጀሎች ከአንድ በላይ ዳኞች በተሰየሙበት ችሎት የተፈረደበት ሰው ለስምንት ዓመት ይታገዳል። "ተፈርዶበት" የምትለዋን ያዙልኝ። ክስ ብቻ ካስቀረ፣ ሥልጣን ላይ ያለው ተቀናቃኙን በሙሉ ከሶ ብቻውን ይወዳደራል።

ጡረተኛው፦ ይኼን ልጄ በደንብ አስቀመጥሽው። የግብር ዕዳስ?

ሂሳብ ባለሙያዋ፦ ዕዳው የማያከራክር ከሆነና የመክፈያ ጊዜ ተሰጥቶት እንቢ ካለ፣ አዎ፣ ይቅር። በይግባኝ ላይ ያለ ሂሳብ ግን እንደ ዕዳ አይቆጠር።

መሐንዲሱ፦ እኔ የዲግሪውን ሐሳብ አልተውኩትም። ካልሆነ ግን ተመራጮች ወንበር ሳይይዙ በፊት የበጀትና የፕላን ሥልጠና በግዴታ ይውሰዱ።

ጠበቃዋ፦ እሱን አሁኑኑ እፈርማለሁ፤ ለዶክተሩም ለነጋዴውም እኩል ከሆነ።

ጡረተኛው፦ እኔም ከአምስት ወደ ሁለት ዓመት እወርዳለሁ። ከዚያ በታች ግን አልወርድም።