ለናና ሙስኩሪ ምሽት የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ የረቂቁ ውይይት

ከማኅበሩ ጸሐፊ

የተከበራችሁ አባላት፣

ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት፣ ለሰፈራችን የባህል ማዕከል የምናስገባውን ሐሳብ አብረን እንድናዘጋጀው ረቂቁን አቅርቤያለሁ። በስብሰባው ላልነበሩት በአጭሩ ልድገመው። እዚህ አቴንስ የምንኖር አማርኛ ተናጋሪዎች ከግሪክ ጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን፣ የድምፃዊት ናና ሙስኩሪን ረጅም የሙዚቃ ሕይወት የሚያስታውስ ምሽት ማዘጋጀት እንፈልጋለን። ቀኑ በልደቷ ሰሞን፣ ማለትም በኦክቶበር 13 አካባቢ ይሆናል። ሸክላ እየተሰማ በሁለቱ ቋንቋዎች አጭር ትረካ ይነበባል፤ በመድረክ የሚዘፍን አይኖርም። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ረቂቄ የዘመን ቅደም ተከተል ይከተላል። ናና በ1934 በቀርጤስ ደሴት፣ በሃንያ ከተማ ተወለደች። አባቷ በሲኒማ ቤት ፊልም የሚያሳዩ ሠራተኛ ነበሩ፤ እናቷም እዚያው ተመልካቾችን ወደ መቀመጫቸው ይመሩ ነበር። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ቤተሰቡ ወደ አቴንስ መጣ። በ1950 ወደ አቴንስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባች፤ በ1957 ግን ማታ ማታ ጃዝ እንደምትዘፍን መምህሯ ስላወቁ ለፈተና እንዳትቀመጥ ከለከሏት። በ1959 በመጀመሪያው የግሪክ የዘፈን ፌስቲቫል በማኖስ ሃጂዳኪስ ዜማ አሸነፈች፤ በ1960 ደግሞ ባርሴሎና ላይ በሜዲትራንያን የዘፈን ውድድር አንደኛ ወጣች። ከዚያ በኋላ የ1961 የጀርመን ስኬት፣ በ1962 ኒው ዮርክ ውስጥ ከኩዊንሲ ጆንስ ጋር የተቀዳው አልበም፣ በ1963 ለሉክሰምበርግ የተሰለፈችበት የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር፣ ከሃሪ ቤላፎንቴ ጋር የተጓዘችባቸው ዓመታት፣ የ1967ቱ የፓሪስ ኦሎምፒያ መድረክና ከ1968 ጀምሮ የቀረበው የቢቢሲ የቴሌቪዥን ዝግጅት እያለ ይቀጥላል።

ማዕከሉ የሚቀበለው ሁለት ገጽ ብቻ ሆኖ ሳለ ረቂቁ ስድስት ገጽ ሆኖብኛል። የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይቆይ የሚለውን ከእናንተ መስማት እፈልጋለሁ።

ከሙዚቃ ክፍል ተጠሪ

ወንድማችን ጸሐፊ፣ ስለ ድካምህ እናመሰግናለን። ዓመታቱን አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ፣ ልክ ናቸው። ቅሬታዬ በአደራደሩ ላይ ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ የዘለቀን ሙያ በዓመት በዓመት ስንደረድረው ሁሉም ነገር እኩል ይመስላል፤ ዩሮቪዥን ላይ ስምንተኛ የወጣችበት ምሽትና ሕይወቷን የለወጠው ቀረጻ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ አንባቢውም የትኛው ላይ ቆም ብሎ ማሰብ እንዳለበት አይነገረውም።

እኔ የማቀርበው አንድ ማገር ነው፤ መሄዷና መመለሷ። ናና በ1962 በአገሯ መድረክ ከዘፈነች በኋላ፣ እስከ 1984 ድረስ ግሪክ ውስጥ ለሕዝብ አልዘፈነችም። ሃያ ሁለት ዓመት ነው። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ አገሪቱ ከ1967 እስከ 1974 በወታደራዊ መንግሥት ሥር ነበረች፤ እሷ ደግሞ በፈረንሳይ፣ በጀርመን፣ በእንግሊዝና በካናዳ ስሟ እየገነነ ሄደ። የውጭው ዓለም የግሪክን ድምፅ በእሷ በኩል ሲሰማ፣ አቴንስ ውስጥ የሚኖር ሰው ግን ትኬት ቆርጦ ሊያያት አይችልም ነበር። በ1984 በአክሮፖሊስ ግርጌ ባለው በጥንታዊው የሄሮድስ አቲኮስ ቴአትር ስትቆም ያ ሁሉ ጊዜ አብሯት ቆሟል። በ2008 የስንብት ጉዞዋን የደመደመችውም እዚያው ነው። እኛም እኮ በየሳምንቱ በዚያ ቴአትር አጠገብ እናልፋለን።

ሁለተኛው ሐሳቤ ይህን መሄድ በአንድ ዜማ ማሰማት ነው። ሃጂዳኪስ የሠራው አንድ ዜማ በግሪክኛ «ሦስት ጊዜ ስታፏጭ» በሚል መነሻ ይዘፈናል። በ1961 ስለ ግሪክ በተሠራ የጀርመን ዘጋቢ ፊልም ምክንያት ጀርመንኛ ግጥም ወጣለትና «የአቴንስ ነጭ ጽጌረዳዎች» ሆነ፤ በጀርመን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሸክላ ተሸጠ። ፈረንሳይኛው ሲጻፍ ደግሞ ጽጌረዳዎቹ ከአቴንስ ተነሥተው የኮርፉ ደሴት ጽጌረዳዎች ሆኑ፤ በእንግሊዝኛው ወደ አቴንስ ተመለሱ። ይህ የሆነው በዚያ ዘመን የየአገሩ ሬዲዮ የሚያዘወትረው የራሱን ቋንቋ ዘፈን ስለነበረ ነው። አሳታሚዎቹ ግጥሙን ከመተርጎም ይልቅ ለየገበያው አዲስ ያስጽፉ ነበር፤ ድምፃዊቷም ቃሉን እንደ ባለ አገሩ አድርጋ ማውጣት ይጠበቅባት ነበር። ናና ከአሥር በሚበልጡ ቋንቋዎች ዘፍናለች። የሙያዋን ርዝመት የማየው ከዚህ አንጻር ነው፤ በአንዱ አገር ጆሮ ሲቀዘቅዝ በሌላው እየሞቀ፣ አንዱ ገበያ ሌላውን እየደገፈ እዚህ ደርሳለች። አራቱን ቅጂዎች በተከታታይ ብናሰማ ሃያ ደቂቃ አይፈጅብንም፤ አድማጩም ስድስቱን ገጽ ከማንበብ የበለጠ ይረዳል።

ከኪፕሴሊ ሰፈር አባል

የሙዚቃ ክፍሉን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ከመሄዷ በፊት ያሉት ዓመታት እንዳይጨመቁ አደራ እላለሁ። እኔ የማስታምማቸው ኪሪያ (ወይዘሮ ማለት ነው) ዕድሜያቸው ከናና ጋር ይቀራረባል። ስለ ምሽታችን ስነግራቸው ከፈረንሳይኛው ዘፈን አንዱንም አላነሡልኝም፤ ከአልጋቸው ቀና ብለው ያዜሙት በሃጂዳኪስና በገጣሚው ኒኮስ ጋትሶስ ጊዜ የነበረውን ነው። ለእሳቸው ናና ማለት የ1959 እና የ1960 ናና ናት። የኋላው ዝና የውጭ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ እሷ በሌለችበት ጊዜ እነሱ ከሌሎች ድምፃውያን ጋር ኖረዋል፣ እነማሪኔላን ሰምተዋል። ወደ ምሽታችን የሚመጡት ግሪካውያን አዛውንቶች ይህን ስሜት ይዘው የሚመጡ ይመስለኛል፤ እኛም ሊያደምጡት የሚወዱትን ነፍገን የእኛን ብቻ ብናሰማቸው ጥሩ ጎረቤቶች አንሆንም።

በተጨማሪ በረቂቁ ያላገኘሁት አንድ ነገር አለ። ናና ዩጀንያ የምትባል ታላቅ እህት አለቻት፤ ሁለቱም ድምፅ ይማሩ ነበር። ወላጆቻቸው የሁለቱንም መክፈል ሲያቅታቸው መምህሯን የትኛዋ ትቀጥል ብለው ጠየቁ። መምህሯም የተሻለ ድምፅ ያላት ታላቂቱ እንደሆነች፣ ሳትዘፍን መኖር የማትችለው ግን ናና እንደሆነች መለሱ። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን አንዱ ይማር ተብሎ ወንድም ወይም እህት ቤት የቀረብን? ይህ ታሪክ ሲነበብ የእኛ ሰዎች ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

ከገንዘብ ያዥ

ሁለት ተግባራዊ ነጥቦች አሉኝ። የመጀመሪያው፣ ረቂቁ በመግቢያው ስለ ጠቅላላ ሽያጯ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር አሃዝ ጽፏል። ይህ አሃዝ በየቦታው የተለያየ ነው፤ አንዱ 200 ሚሊዮን ሲል ሌላው 350 ያደርሰዋል። ገንዘብ የምንጠይቅበት ሰነድ በሚያከራክር ቁጥር እንዲጀመር ስለማልፈልግ ይውጣ፤ የጀርመኑ የሚሊዮን ሸክላ ይበቃናል። ሁለተኛው፣ ዘፈኖቹን በአደባባይ ለማሰማት ለባለመብቶች የሚከፈለውን አዳራሹ ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ ልንጠይቅ ይገባል። ሸክላ ማጫወቻ ከአባሎቻችን አንዱ አለው፤ የጎደሉትን ሸክላዎች ሞናስቲራኪ ካሉት የአሮጌ ዕቃ ሻጮች እንፈልጋለን።

ከወጣቶች ክፍል አባል

እኔ የተወለድኩት እዚሁ አቴንስ ነው፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል አንድ ቃል ያሳሰበኝ። ባለፈው ስብሰባ ላይ አንዳንዶቻችሁ የናናን ሕይወት «ስደት» ስትሉት ሰምቻለሁ። ወላጆቼ የመጡበትን መንገድ ስለማውቅ ይህን ቃል ለእሷ መስጠት ይከብደኛል። እሷ በሸክላ አሳታሚው በፊሊፕስ ኩባንያ ጥሪ ፓሪስ ገባች፤ ሥራ፣ ውልና ፓስፖርት ነበራት። ማንም አላሳደዳትም። ግሪኮቹ «ክሴኒቲያ» የሚሉት ቃል አላቸው፤ በሰው አገር መኖርን፣ ለእንጀራ መሄድን፣ የቀሩትንም ናፍቆት አንድ ላይ ይይዛል፤ የራሱ የሆኑ ጥንታዊ የሕዝብ ዘፈኖችም አሉት። በአማርኛ «የሰው አገር» ብንለው ይቀርበዋል፤ «ስደት» ግን በእውነት ለተሰደዱት ይቆይላቸው። ሐሳቡ ላይ «መሄድና መመለስ» ተብሎ ቢጻፍ ሁላችንም እንስማማለን ብዬ አምናለሁ።

ከማኅበሩ አማካሪ

የልጃችን ነጥብ ትክክል ነው፤ እኔ ራሴ ቃሉን ከተጠቀሙት አንዱ ነበርኩ፣ አነሣዋለሁ። ሆኖም በመሄድና በመመለስ መካከል ሊገባ የሚገባው አንድ ዘፈን አለ። በ1981 ናና በቬርዲ ኦፔራ ናቡኮ ውስጥ ባለው የዕብራውያን ምርኮኞች መዝሙር ዜማ ላይ ስለ ነፃነት የሚናገር ፈረንሳይኛ ዘፈን አወጣች፤ በሌሎች ቋንቋዎችም ደጋግማ ቀዳችው። የቬርዲ መዝሙር መነሻው «በባቢሎን ወንዞች አጠገብ» የሚለው መዝሙረ ዳዊት ነው። ይህ መዝሙር በእኛም በግሪኮቹም ዳዊት ቁጥሩ 136 ነው፤ በምዕራባውያኑ መጽሐፍ ግን 137። ዘፈኑ ከመሰማቱ በፊት መዝሙሩ አንድ ጊዜ በግሪክኛ፣ አንድ ጊዜ በአማርኛ ቢነበብ፣ ማንም ሳይሰብክ ሁለቱ ሕዝቦች በአንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ።

ናና ፖለቲካ ውስጥ የነበረችበትን ጊዜ እንጥቀስ ወይ ተብሎ ለተነሣው ጥያቄ፦ ከ1994 እስከ 1999 በአዲስ ዲሞክራሲ ፓርቲ በኩል የአውሮፓ ፓርላማ አባል ነበረች። ማኅበራችን የየትኛውም ፓርቲ ወገን ስላልሆነ መደበቅም ማወደስም አይገባንም፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቀስ። ከ1993 ጀምሮ የዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር መሆኗና በ2010 አገሪቱ በዕዳ ስትጨነቅ የፓርላማ ጡረታዋን ለአገሯ ለመስጠት መወሰኗም አብሮ ይግባ።

የመጨረሻው የአክብሮት ጉዳይ ነው። በትረካው «እሷ» እያልን ልጅነቷን መተረካችን ለአርቲስት የተለመደ ስለሆነ አይከፋም። ለእሳቸው ወይም ለወኪሎቻቸው የምንልከው የግብዣ ደብዳቤ ግን በአንቱታ ይጻፍ፤ የእናት ዕድሜ ያላቸውን ሰው «ነይ» ብለን አንጠራም።

ከማኅበሩ ጸሐፊ

አስተያየታችሁን ሁሉ ተቀብዬ የሐሳቡን ዋና አንቀጽ እንደሚከተለው አሻሽያለሁ።

«ማኅበራችን በድምፃዊት ናና ሙስኩሪ የሙዚቃ ሕይወት ላይ የተመሠረተ፣ ለሁለት ሰዓት የሚቆይ የማድመጫ ምሽት እንዲዘጋጅ የማዕከሉን አዳራሽና ድጋፍ ይጠይቃል። የምሽቱ ርእስ ‹መሄድና መመለስ› ነው። የመጀመሪያው ክፍል ከሃንያ እስከ 1960 ያለውን የአቴንስ ዘመን የሚመለከት ሲሆን፣ የሁለቱን እህቶች ታሪክ በትረካ፣ የሃጂዳኪስንና የጋትሶስን ሥራዎች በሸክላ ያቀርባል፤ በዚህ ክፍል የሰፈሩ አዛውንቶች ትዝታቸውን እንዲናገሩ ይጋበዛሉ። ሁለተኛው ክፍል አንድ ዜማ በአራት ቋንቋ የተጓዘበትን መንገድ ያሰማል። ሦስተኛው ክፍል በመዝሙር 136 ንባብ ተከፍቶ በ1984 ወደ ሄሮድስ አቲኮስ ቴአትር መመለሷን ይተርካል፤ ከ2008 ስንብት በኋላም ዝም አለማለቷን፣ በ2018 አዲስ አልበም ማውጣቷን፣ በኤፕሪል 2024 ደግሞ በ89 ዓመቷ በፓናቴናይኮ ስታዲየም የኦሎምፒክ ችቦ ለፓሪስ ሲተላለፍ የግሪክንና የፈረንሳይን ብሔራዊ መዝሙሮች መዘመሯን ያስታውሳል።»

ይህ በሁለቱ ገጽ ውስጥ ይገባል። የኒው ዮርኩ አልበም፣ ዩሮቪዥንና የቢቢሲው ዝግጅት በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በሚለጠፈው የዓመታት ሰሌዳ ይቀመጣሉ፤ ፓርላማውን፣ ዩኒሴፍንና ጡረታውን የሚመለከተው አጭር አንቀጽ ከምሽቱ ጋር በሚታደለው ወረቀት ላይ ይገባል።

ከሙዚቃ ክፍል ተጠሪ

ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አንድ ማስተካከያ ብቻ፦ አራቱ ቅጂዎች ሲሰሙ ግሪክኛው መጨረሻ ላይ ይምጣ። ጀርመንኛው፣ ፈረንሳይኛውና እንግሊዝኛው ቀድመው ከተሰሙ በኋላ አዳራሹ በራሱ ቋንቋ ሲሰማው አዛውንቶቹ አብረው እንደሚያዜሙ ተስፋ አደርጋለሁ። የግሪክኛውን ግጥም ሐሳብ በአማርኛ የምትመልሰው ከወጣቶች ክፍል ያለችው እህታችን ብትሆን እመርጣለሁ፤ ሁለቱንም ቋንቋ እንደ እናት ቋንቋ የምታውቅ እሷ ናት።

ከወጣቶች ክፍል አባል

በደስታ እቀበላለሁ። ትርጉሙን እስከ ቅዳሜ እልክላችኋለሁ፤ ከኪፕሴሊ ያሉት እህታችንም ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ከመላኬ በፊት ለኪሪያቸው በግሪክኛ አንብቤላቸው የተሳሳትኩት ቃል ካለ እንዲያርሙኝ እፈልጋለሁ።

ከኪፕሴሊ ሰፈር አባል

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነይ፤ ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ደስ ብሏቸው ያዳምጡሻል።