ባለቤቴ ኪቶ ፉርዲሳ ይሠራል፤ በጅማ በአቅማችን የሚከራይ ቤት የት እንፈልግ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ በኪቶ ፉርዲሳ በሚገኘው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሥራ ስለ ጀመረ፣ ከሁለት ትናንሽ ልጆቻችን ጋር ከአዳማ ወደ ጅማ ልንዛወር ነው። የምንፈልገው ሁለት ክፍልና ኩሽና ያለው፣ ውሃና መብራት የገባለት ቤት ሲሆን፣ ለኪራይ በወር ከ7,000 ብር በላይ ለማውጣት አቅማችን አይፈቅድም። አንድ ደላላ በጅሬን በኩል ሰፊ ግቢ ያለው ቤት በ5,500 ብር እንዳገኘልን ነግሮናል፤ ይሁን እንጂ አከራዩ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ይጠይቃሉ፤ ደላላውም ቤቱን ሳናየው ቀብድ እንድንልክ እየወተወተን ነው። ይህ ቤት ያዋጣናል ትላላችሁ? ካልሆነስ በየትኛው ሰፈር ብንፈልግ ይሻላል?

መልስ፣ ከጅሬን ነዋሪ

እንኳን ደኅና መጣችሁ፣ እህቴ። ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ስለሆነ አየሩ ጥሩ ነው፤ ግቢውም ለልጆች ይመቻል፤ እኔ ሰፈሬን አላማም። ነገር ግን ባለቤትዎ ኪቶ ፉርዲሳ ለመድረስ በየቀኑ ከኮረብታው ወርዶ መሀል ከተማውን ማቋረጥ ይኖርበታል፤ ይህም ባጃጅ መቀያየር ማለት ነው። ዝናብ ሲጥል ደግሞ አንዳንድ ባጃጆች ዳገቱን አንወጣም ስለሚሉ፣ ወይ ኮንትራት ይይዛል፣ ወይ በጭቃ በእግሩ ይወጣል። በኪራዩ ያተረፋችሁትን 1,500 ብር መንገዱ ሊበላባችሁ ስለሚችል፣ የወር የባጃጅ ወጪያችሁን ከኪራዩ ጋር ደምራችሁ አስሉት።

መልስ፣ በኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ከሚኖር ተከራይ

እኔ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ዙሪያ ባሉት መንደሮች፣ በተለይም በቦሳ ኪቶ በኩል፣ እንድትፈልጉ እመክራለሁ። ባለቤትዎ በእግሩ መመላለስ ከቻለ፣ ኪራዩ ከጅሬኑ ትንሽ ቢበልጥም ይካካሳል። ሆኖም ዝቅ ያለውና ረግረጋማው ቦታ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል፤ ወባም ስላለ፣ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ቤትና አጎበር የግድ ነው። በቦዬ በኩልና በአዌቱ ወንዝ ዳር ያሉ ቤቶችንም በዚሁ ዓይን እዩአቸው።

ቤት ስታዩ በአዲስ ቀለም አትታለሉ፤ ደላሎቻችን ከቀለም ቀቢዎች ጋር የተማከሩ ይመስል፣ ቤቱን የሚያሳዩት ሁልጊዜ ቀለሙ ሳይደርቅ ነው። ግድግዳው የጭቃ ከሆነ ከወለሉ እስከ ጉልበት ያለውን ክፍል በእጃችሁ ዳስሱ፤ እርጥበት የሳበ ግድግዳ ይቀዘቅዛል፣ ልስኑም ይፈረፈራል። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ቀለበት ከታየ ቆርቆሮው ያፈሳል ማለት ነው። ውሃው በስንት ቀን እንደሚመጣና ሮቶ መኖሩን ከአከራዩ ይልቅ በግቢው ያሉትን ሌሎች ተከራዮች ጠይቁ።

ብዙዎች የሚዘነጉት የመብራት ቆጣሪን ነው። የመብራት ታሪፍ የፍጆታ መጠን በጨመረ ቁጥር ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፈለው ዋጋም የሚጨምርበት ነው፤ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ፍጆታ ርካሽ ነው፣ ከዚያ በኋላ ዋጋው በየእርከኑ ይወጣል። አምስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ፍጆታቸው ተደምሮ ከፍ ያለ እርከን ላይ ስለሚወድቅ፣ አንድ አምፖል ብቻ የሚያበራውም በውድ ዋጋ ይከፍላል። በተለይ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የምትጋግሩ ከሆነ፣ የራሱ ቆጣሪ ላለው ቤት ትንሽ ጨምሮ መክፈል ያዋጣል።

መልስ፣ ስለ ውል

ስለ ስድስት ወሩ ቅድሚያ ክፍያ ልመልስ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ በቅድሚያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዝዛል። አዋጁ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ላይ ስለሆነ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የጅማ ከተማ አስተዳደርን ወይም ቀበሌውን ጠይቁ። ውሉ በአፋን ኦሮሞ ከተጻፈና ቋንቋውን ካልቻላችሁ፣ የእናንተ የሆነ ሰው አንብቦ ያስረዳችሁ፤ ደላላው የነገራችሁንና የተጻፈውን አስተያዩ።

ቀብዱን ግን ቤቱን ሳታዩ፣ የባለቤትነት ማስረጃውን ከአከራዩ መታወቂያ ጋር ሳታመሳክሩ ፈጽሞ አትላኩ።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀብዱን እንደማንልክ ለደላላው ነግረነዋል። ባለቤቴ ለጊዜው ከሥራ ባልደረባው ጋር ተዳብሎ እየኖረ በኪቶ ፉርዲሳ ዙሪያ በእግሩ እየዞረ ሊፈልግ ወስኗል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ቤት በብዛት የሚለቀቀው በየትኛው ወቅት ነው?

መልስ፣ ከዚያው ተከራይ

ተማሪዎች ለዕረፍት ሲወጡ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ የሚለቀቁ ክፍሎች አይጠፉም፤ ትምህርት ሲጀመር ግን ፈላጊው ይበዛል። በክረምት ማየቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ የሚያፈስ ጣሪያና ውሃ የሚገባበት ግቢ ያኔ አይደበቅም። ለባለቤትዎ ንገሩት፣ በየሱቁና በየቡና መጠጫው ይጠይቅ፤ በዚህ ሰፈር ብዙ ቤት ደላላ ሳይሰማው ይከራያል።