ታሪኩን ሳይሰብኩ እንዲተርኩ እንዴት ላሰልጥናቸው?

ሰላም ወገኖች። ጂንካ አካባቢ ላሉ አማኞች የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በቃል መተረክ እያሰለጠንኩ ነው፤ አሁን ግን ግራ ገብቶኛል። ማንበብ የሚችሉት ወጣቶች ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይሄዱ ስብከት ውስጥ ይገባሉ። ባለፈው የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2ን ታሪክ ስንተርክ፣ ሽባውን ወደ ኢየሱስ የተሸከሙት አራቱ ሰዎች ገና ጣሪያው ላይ ሳይወጡ፣ አንዱ ልጅ ስለ አስራት ጀመረላችሁ! ፊደል ያልቆጠሩ አንዲት እናት ግን አንዴ ሰምተው በአካባቢው ቋንቋ በአሪኛ ቁጭ አደረጉት፤ ጣሪያው ሲነደል ሣሩ ሰው ላይ ሲራገፍ በእጃቸው ጭምር እያሳዩ። ሣሩ ማርቆስ ላይ የለም፣ የራሳቸው ነው። ልተወው ወይስ ላርም? ሌላ መንደር ሄደው ይንገሩ ስላቸው ደግሞ «እኔን ያልተማርኩትን ማን ይሰማኛል» ብለው እምቢ አሉ። እንዲህ የገጠማችሁ ካላችሁ ምን አደረጋችሁ?