የፖሊስ ውሻ ፈተና ዳኛ ለመሆን ከየት ልጀምር?

የአዳማው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፖሊስ ውስጥ ፈንጂ አነፍናፊ ውሻ ይዤ ስሰራ ኖሬያለሁ። አሁን ከሜዳ ወጣ ብዬ ሌሎቹን የሚፈትን፣ ብቃታቸውን የሚያረጋግጥ ዳኛ መሆን ፈልጌያለሁ። አሜሪካ ያለ ዘመዴ እዚያ ራሱን የቻለ እንጀራ ነው ይላል። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ከፍለህ ቪዲዮ ካየህ «ዓለም አቀፍ ዳኛ» የሚል ወረቀት የሚሰጡ አሉ። ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?

ባሻዬ፦
ይቅርብህ! ወረቀቱ ከፎርጅድ አይሻልም። መጀመሪያ መስሪያ ቤትህ ውሾቹን በምን መስፈርት እንደሚፈትን በጽሑፍ አግኝ። ከዚያ የስልጠና ኃላፊውን በፈተና ቀን ናሙና (ውሻው አሽትቶ እንዲያገኘው የሚቀመጠውን) ደባቂና ውጤት መዝጋቢ አድርገኝ በለው። ዳኝነት የሚለመደው የነጥብ መስጫ ወረቀት ይዞ ከነባሩ ዳኛ ኋላ በመዞር ነው፣ አንተም ነጥብ ትሰጣለህ፣ መጨረሻ ላይ ከእሱ ጋር ታመሳክረዋለህ፣ ከተለያያችሁ ለምን እንደሆነ ትጠይቀዋለህ።

ከሚኒሶታ፦
ዘመድህ ትንሽ አጋኖታል። እዚህ አብዛኞቹ ዳኞች እንጀራቸው ፖሊስነት ወይም አሰልጣኝነት ነው፣ ዳኝነቱ ከጎን ነው። ከትልልቆቹ ፈታኝ ድርጅቶች አንዱ በ1971 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዩኤስፒሲኤ የሚባለው የፖሊስ ውሾች ማኅበር ነው። የጥበቃ ውሻ ፈተናው ታዛዥነት፣ መሰናክል፣ የወደቀ ዕቃ ፍለጋ፣ የተደበቀ ሰው ፍለጋና ተጠርጣሪ መያዝ አለው። ላንተ የሚቀርበው ግን የማሽተቱ ነው። ስዊግዶግ የተባለው የባለሙያዎች ቡድን ባወጣው መመሪያ ፈንጂ አነፍናፊ ከተደበቀው ቢያንስ 90 በመቶውን ማግኘት አለበት፣ የሐሰት ምልክቱም (ምንም በሌለበት አገኘሁ ማለቱ) ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። የሚፈተኑት ደግሞ ያዡና ውሻው አንድ ላይ ናቸው። ያዡ ከተቀየረ እንደገና ይፈተናሉ።

ሐኪሟ፣ ሀዋሳ፦
እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ውሻ እያለከለከ በደንብ ማሽተት አይችልም። የአዳማን ሙቀት ታውቀዋለህ፣ ስለዚህ ፈተናውን በጠዋት አድርጉት፣ ውሃና ጥላም አዘጋጁ። በቀትር ፈትነህ ውሻውን ብትጥለው የጣልከው በሙቀቱ ነው።

ባሻዬ፦
ሐኪሟ ልክ ናት። ነፋሱንም አትርሳ፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለበት ከተማ ነው እኮ! ሽታው ከምንጩ ርቆ ግድግዳ ጥግ ሊከማች ይችላል። ውሻው እዚያ አንገቱን ቢያዞር ተሳሳተ አትበል፣ ወደ ምንጩ ሲሰራ ተከታተለው።

የአዳማው፦
እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሌላው ጭንቀቴ ተፈታኞቹ ጓደኞቼ መሆናቸው ነው። አብረን ምሳ የምንበላ ሰዎች ነን። እንዴት አድርጌ በፈተናው እጥላቸዋለሁ?

ከሚኒሶታ፦
አንተም የት እንደተደበቀ ባታውቅስ? ደባቂው ሌላ ሰው ይሁን፣ ደብቆም ከአካባቢው ይጥፋ። ያዡም አንተም የማታውቁበት ፈተና እሱ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች 18 ያዦችን ከነውሾቻቸው ምንም ባልተደበቀበት ቤተ ክርስቲያን ፈተኑ። ያዦቹን ግን ሽታ ሊኖር ይችላል ብለው ነግረዋቸዋል። ከ144 ፍለጋ ያለ ሐሰት ምልክት ያለፈው 21 ብቻ ነበር። ተመራማሪዎቹ ያዦቹ አለ ብለው ማመናቸው ውጤቱን እንደነካው ደምድመዋል። እንግዲህ ቦታውን የሚያውቅ ዳኛ እዚያው አጠገቡ ተገትሮ ቢቆም አስበው።

ባሻዬ፦
ባዶ ክፍልም አስገባበት። ምንም የሌለበት ክፍል ውስጥ አገኘሁ ለማለት ቁጭ የሚል ውሻ ብዙ ይነግርሃል። ማዘናጊያም አኑር፦ ምግብ፣ የቴኒስ ኳስ፣ አዲስ ጓንት። የናሙናው ማሸጊያ ፕላስተር ማዘናጊያው ላይም ይለጠፍ፣ አለዚያ ውሻው ፕላስተሩን ነው የሚፈልገው። ጓደኛህን የጣልከው እንደሆነ ደግሞ የት ቦታ፣ ውሻው ምን አደረገ፣ ያዡ ምን አደረገ ብለህ በዝርዝር ጻፍለት። «ብቁ አይደለም» ብቻ ብለህ ከፈረምክ ያን ጊዜ ነው የሚቀየምህ።

የአዳማው፦
ገባኝ። ሰኞ ኃላፊውን ደባቂ አድርገኝ እለዋለሁ። ናሙናው ከተደበቀ በኋላ ፍለጋው ወዲያው ይጀመራል ወይስ ይቆያል?

ባሻዬ፦
ይቆይ፣ ሽታው እንዲወጣ ጊዜ ስጠው። ስንት ሰዓት እንደደበቅህና ነፋሱ ከየት እንደነበርም መዝግብ።